የመሪጌታ ንክሻ በሁለት ኮምፒውተር

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከእኔ አብልጦ የሚሠራ የለም። ዲፕሎማ የለኝም፤ ሙያውን ከተሰበሩ ጥርሶችና ከአሮጌ መጻሕፍት ለብቻዬ ተምሬዋለሁ። የተማሩት ሐኪሞች ያቃታቸውን ወደ እኔ ይልካሉ።

ሥራ የጀመርሁ ዕለት በእጄ የነበረው ሞረድና ሰማያዊ የንክሻ ወረቀት ነው። በሽተኛው ወረቀቱን ሲነክስ ቀለሙ ጥርሱ ላይ ይቀራል። የሰፋው ምልክት ከባድ ጫና ያለበት ነው ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ ሠራሁ።

የጥርስ ሐኪሟ ዶክተር ሰብለ ለክሊኒኳ ሁለት ኮምፒውተሮች ለሙከራ መጡላት። አንዱን መርጣ ለመግዛት ስታስብ፣ ለማወዳደር የጠራችው እኔን ነው። የመጀመሪያው የሚነከስ ስስ ፕላስቲክ አለው፤ ጫናውን ኮምፒውተሩ ላይ በቀለም ያሳያል፣ ቀዩ ከባድ ነው። ሁለተኛው ጥርሱን በካሜራ ዞሮ ያነሣና የላዩና የታቹ የት እንደሚገናኙ ያሰላል።

የተመረመሩት ከደብረ ወርቅ የመጡ መሪጌታ፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማ መምህር፣ ነበሩ። በወለቁት የፊት ጥርሶቻቸው ፈንታ ድልድይ፣ በጎን ጥርሶች ላይ የሚያርፍ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የሠራሁላቸው እኔ ነኝ፤ ድልድዩ ያረፈበት ክራንቻ መነቃነቅ ጀምሯል። እሱ ከወለቀ ድልድዩም ይወርዳል፣ ቃል ከአፋቸው እየሾለከ ዜማ ማስተማር ይቀራል።

ጫና የበዛበትን ጥርስ ፈልገን ልንሞርደው ነበር፤ ወረቀቴ መንጋጋ ጥርሳቸው ላይ ሰፊ ምልክት አወጣ። ፕላስቲኩም እዚያው ቀላ። ካሜራው ብቻ ክራንቻውን አመለከተ። ሰብለ ሌላ ቀን እንድገመው አለች። እኔ ሁለት ምስክር አንዱን ይረታል ብዬ ተሟገትሁ። ዕድሜዬን አክብራ መንጋጋውን ሞረደችው።

መሪጌታ በወሩ ተመለሱ። ክራንቻው በምላስ ሲነካ ይወዛወዛል።

«መሪጌታ፣ ያን ቀን እንዴት አድርገው ነበር የነከሱት?» አልኋቸው።

«አያ ደሴ፣ በእርሷ ፊት እንደ ውሻ ልንከስ ኖሯል? ቀስ አድርጌ ነዋ።»

ሰብለ ቀና ብላ አላየችኝም። አዲስ ፕላስቲክ ሰጠቻቸውና ፊታችንን አዙረንላቸው ቆሎ እንደሚቆረጥሙ ሆነው ነከሱ። ኮምፒውተሩ ክራንቻው ላይ ደም የመሰለ ቅላት አሳየ። የተሞረደው መንጋጋ ከእንግዲህ ጫናውን አይጋራለትም።

«ከመጪው ክብረ በዓል በፊት አፌ ይመለሳል?» ብለው ጠየቁኝ። ይመለሳል አልሁ። በማግስቱ ክራንቻው ተነቀለ።

ካሜራው የሚገናኙበትን ቦታ ያሳያል፣ ክብደቱን አያውቅም። ፕላስቲኩ ክብደቱን ይለካል፣ ሰውዬው አፍሮ ይሁን ከልቡ የነከሰው አይጠይቅም። መጠየቅ የእኔ ሥራ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሠራሁትን ልናገር። ሰብለ ፕላስቲክ ያለውን ኮምፒውተር እንድትገዛ መከርሁ፣ ሰማችኝ። በሽተኛ ሁሉ ወደ ግድግዳ ዞሮ ሦስት ጊዜ እንዲነክስ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ክሊኒኩ ዛሬም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ለመሪጌታ ተነቃይ ጥርስ ሠራሁ፣ ደጋግሜም አስተካከልሁት። እህል ይበሉበታል። ዜማውን የሚያስተምሩት ግን ሌላ መምህር ናቸው።