የእታፈራሁ ረቡዕ

ጻድቅ ሰው በሩቅ ሲወራለት ደስ ይላል። አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጡ ግን አበሳ ነው። ይህን የማውቀው ከእታፈራሁ ጋር በአንድ ሕንጻ ስለምኖር፣ እስራኤል አገር ቂርያት ጋት በምትባል ከተማ ባለ የልብስ ፋብሪካም ጎን ለጎን ተቀምጠን የወንድ ኮት ኪስ ስለምንሰፋ ነው።

እታፈራሁ የደምቢያ ክርስቲያን ናት። ባሏ ቢሻው ግን የእኛው ሰው፣ ቤተ እስራኤል፣ አገር ቤት አንጥረኛ የነበረ ነው። እንዲህ ያለ ጋብቻ በሁለቱም ወገን ያስረግማል። የኔ እናት ክርስቲያን የነካት እንደሆነ ወንዝ ወርዳ ሳትታጠብ ቤት አትገባም ነበር። ሱዳን በረሃ ላይ አንድ ጀሪካን ውሃ ለሃያ ሰው ሲደርስ ግን ማን ማንን ነካ ብሎ የጠየቀ የለም። እስራኤል ስንገባ መዝጋቢው ቢሻውን ጠየቀው፤ ቢሻው "ሁላችንም አይሁድ ነን" አለ፤ ተጻፈ። እሷን የጠየቃት የለም። ትንሿ ልጃቸውም እዚያው ኤስቲ ተባለችና አለቀ።

በከተማችን ለእታፈራሁ የሚሆን ቤተ ክርስቲያን የለም፤ እሑድ ደግሞ የሳምንቱ የመጀመሪያ የሥራ ቀን ነው። ሌላ ሰው ቢሆን "እግዜር ችግሬን ያውቃል" ብሎ ይገላገል ነበር። እሷ ግን "ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካልቻልኩ የተቀመጥኩበትን ወንበር ቤተ ክርስቲያን አደርገዋለሁ" አለች። አደረገችውም። ጠዋት የስፌት መኪናው ከመነሳቱ በፊት ጠረጴዛው ሥር በአውራ ጣቷ ታማትባለች። ከዚያ የኪሱን ገበር የካህን ልብስ ይመስል ትሰፋዋለች። ክሩ ትንሽ ከዘለለ ተርትራ እንደገና ትጀምራለች።

"ኧረ የኪስ ውስጥ ማን ያየዋል?" እላታለሁ።

"የሚለብሰው ሰውዬ እጁ ያውቀዋል።"

"እጁ ቢያውቀው ምን ይፈይዳል?"

"ምስጋናዬ ነው፣ ብዙዬ። የምሰጠው ሌላ ምን አለኝ?"

የመስመራችን አለቃ ሚሪ ይህን ምስጋና ልግመት ነበር የምትለው። እታፈራሁ በቀን ሰፍተን የምናስረክበውን ልክ ሞልታ አታውቅም። የጎደለውን ሃያ ኪስ፣ ሠላሳ ኪስ ማን ይሰፋላት ነበር? እኔ። ምስጋናው የሷ፣ ወገቡ የሚቆረጠው የኔ።

ጣጣው የመጣው ከምሳ ቤቱ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ዶሮ ይቀርብልናል። ምግቡ ሕጉን ጠብቆ መሠራቱን የሚቆጣጠር፣ ማሽጊያሕ የሚሉት፣ ከሞሮኮ የመጣ ጢማም ሽማግሌ ነበር። በየድስቱ ላይ ነፍሱን ያስያዘ ሰው ነው። እታፈራሁ ረቡዕ በመጣ ቁጥር ዶሮውን ትታ ዳቦና ቲማቲም ስትበላ አያት። በ78 ዓ.ም. መጋቢት ሲገባ ደግሞ ጭራሽ ሥጋውንም ወተቱንም በየቀኑ እርግፍ አድርጋ ተወችው።

ምሳ ቤቱ ውስጥ ሠላሳ ያህል ኢትዮጵያውያን ነበርን። ረቡዕ የማን ጾም እንደሆነ፣ በመጋቢት ሥጋና ወተት የሚተው ማን እንደሆነ እንኳን እኛ፣ የጎንደር ፍየልም ታውቃለች። ሠላሳችንም አቀርቅረን ዶሯችንን ጋጥን።

ሽማግሌው ግን ፍርዱን በራሱ ሰጠ። "ይህች ሴት የኔን ማኅተም አታምንም፤ ሕግ በመጠበቅ እኔንም ትበልጣለች" አለ። መጀመሪያ ተቀየማት። ሲያስበው ውሎ አደነቃት። በመጨረሻም በየጠረጴዛው እየዞረ "ከሷ ተማሩ" ይለን ጀመር። የኦሪትን ሕግ ስንት ዘመን ጠብቀን የኖርን እኛ፣ ሕጋችንን ከክርስቲያን ተማሩ ተባልን።

በዚህም አላበቃ። ለአይሁድ ፋሲካ በዓል ሠራተኛው በሚሰበሰብበት ቀን እታፈራሁ በሁሉ ፊት ልትመሰገን፣ ከዚያም ወጥ ቤት ገብታ የሥጋና የወተት ዕቃ እንዳይቀላቀል ጠባቂ ልትሆን ተወሰነ። ተቀምጦ ማየት ብቻ፤ ሚሪ የለች፣ ጉድለት የለ። ከሷ የሚፈለገው ተነስታ "ሥጋውን የተውኩት ለሕጉ ብዬ ነው" ማለት ነው።

የዚያን ዕለት ከሥራ ስንመለስ ቢሻው ደረጃው ላይ ጠበቀን። ወሬው ቀድሞን ደርሶታል።

"እዚህ አገር እናት አይሁድ ካልሆነች ልጅም አይሁድ አትባልም" አላት። "ኤስቲን ምን ልታደርጊያት ነው?"

"ወንበሬን ቤተ ክርስቲያን አድርጌ እሱ ላይ ቆሜ ልዋሽ?"

"ዝም በይ እንጂ ዋሺ ማን አለሽ?"

"እስካሁን ዝም ብያለሁ፤ የጠየቀኝ አልነበረም። አሁን ሊጠይቁኝ ነው።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ዕብራይስጡ ላንቺ ይቀልሻል። አብረሽኝ ቁሚና የምለውን ንገሪልኝ።"

እሺ አልኳት። በልቤ ግን ረገምኳት። ልጇን ሜዳ ላይ ጥላ የምትጸድቅ እናት ምን ትባላለች?

ቀኑ ደረሰ። ሽማግሌው ስሟን ሲጠራ አዳራሹ አጨበጨበ። እታፈራሁ ተነሳች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ድምፅዋም አልተንቀጠቀጠም።

"እኔ ክርስቲያን ነኝ። የምጾመው ለጌታዬ ነው። የእርስዎን ድስት ንቄ አይደለም፤ ይቅር ይበሉኝ።"

 ሠላሳው ኢትዮጵያዊ ሁሉ እኔን አየኝ። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ በጠራ ዕብራይስጥ "ለዚህ ክብር የበቃሁ አይደለሁም፤ የስፌት መኪናዬ ላይ ተዉኝ፣ ትላለች" አልኩ።

ጭብጨባው ጣሪያውን ነቀነቀው። "እንዴት ያለ ትሕትና ነው!" ብሎ ሽማግሌው ዓይኑን ጠረገ። ከሁሉ አብልጠው ያጨበጨቡት የኛዎቹ ነበሩ።

እታፈራሁ ዕብራይስጥ ባትችልም "ኖጽሪት" ማለት ክርስቲያን መሆኑን ታውቃለች። ከአውሮፕላን ከወረደች ጀምሮ ስትፈራው የኖረችው ቃል ነው፤ ከኔ አፍ ግን አልሰማችውም።

"አልነገርሽልኝም" አለችኝ።

"ለልጅሽ ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ፤ እግዜር ይስጥሽ። ግን የሰጠሽው የኔን ቃል አይደለም።"

በማግስቱ ብቻዋን ወጥ ቤት ገባች። እኔም እግሬ አላስችል ብሎኝ በሩ ላይ ቆምኩ። ሽማግሌው እጅጌውን ሰብስቦ ለበዓሉ ድስት ያስፈትጋል። ፊቱ ቆማ ሁለት ቃል ተናገረች፦ "አኒ ኖጽሪት።"

እጅጌውን ለቆ አያት። ኤስቲ አለቀላት አልኩ።

"ታዲያ ትናንት ጓደኛሽ ያለችው?" አላት።

እታፈራሁ መሬት መሬት አየች። እሱ ግን ቀና ብሎ በሩ ላይ እኔን አየኝ፤ ገባው።

"እኔ የምቆጣጠረው ድስት ነው፤ ሰው አይደለም" አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር ለማንም ትንፍሽ አላለም።

እኔ ላይ ግን ጣቱን ቀሰረ። "አንቺ እዚህ፣ ዓይኔ ሥር ትቀመጫለሽ።" እንግዲህ የወጥ ቤቱ ጠባቂ የሆንኩት እኔ ነኝ። ሠራተኛው በሙሉ የሚበላበትን ዕቃ ንጽሕና እንድትጠብቅ የተመረጠችው፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት የዋሸችው ሴት ናት። እታፈራሁ መኪናዋ ላይ ቀረች፤ ሚሪም ትጮህባታለች።

በቀጣዩ ረቡዕ ሽማግሌው በትንሽ ድስት ያለ ሥጋ ያለ ቅቤ የተሠራ ምስር ቀድቶ "ይህን ለሷ አድርሺ" አለኝ። ወስጄ አስቀመጥኩላት። በዚያን ቀን እጇን ጠረጴዛ ሥር አልደበቀችም፤ በሠላሳው ሰው ፊት ሳህኑ ላይ አማተበች።

"ብዙዬ፣ አብረን እንብላ" አለች።

እናቴ ታየችኝ፣ ወንዙም ታየኝ። አፈርኩ፤ ያፈርኩት ግን እናቴን ሳይሆን እታፈራሁን ነበር። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ክርስቲያን የባረከውን ምስር በዳቦ ጠቅሼ ጎረስኩ።

"ጨው አንሶታል" አልኳት። አላነሰውም ነበር።