ቋሚ አይፒ ለነገሌ

ያኔ የምሠራው ነገሌ ቦረና፣ ለስደተኛ ጣቢያዎች መድኃኒት በሚያከፋፍል አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ነበር። የሥራ መደቤ «የኮምፒውተር ባለሙያ» ይባላል። እውነቱን ለመናገር ግን ገመድ ያለው ነገር ሁሉ የኔ ነው፤ የሻይ ውኃ ማፍያው ሳይቀር። የመድኃኒቱ መዝገብ ያለበት ትልቁ ኮምፒውተር የተቀመጠው በኔ ጠረጴዛ ሥር ነው። ዶሎ ኦዶ ያለው ፋርማሲስታችን በኢንተርኔት እዚያ ውስጥ ገብቶ ምን እንዳለ፣ ምን እንዳለቀ ማየት አለበት። ለመግባት ደግሞ የኛን የኢንተርኔት አድራሻ፣ አይፒ የሚሉትን ቁጥር፣ ማወቅ ነበረበት።

ችግሩ አድራሻው አይረጋም። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ኢንተርኔት አቅራቢው ሌላ ቁጥር ይሰጠናል። መብራት በቀን ስንቴ እንደሚሄድ የነገሌን ሰው አትጠይቁ፤ የምትቀልዱበት ይመስለዋል። ስለዚህ ፋርማሲስቱ ጠዋት ጠዋት ይደውልልኛል።

«እሺ እህቴ፣ ዛሬስ የት ነው የምትኖሪው?»

ቁጥሩን አንድ በአንድ አነብለታለሁ። መስመሩ ይቆራረጣል።

«ሰባት ነው ሰባ?»

«ሰባ!»

«ሰባት?»

«ሰ-ባ!»

ቢሮው ሁሉ እየሰማ ነው ይሄ። አንድ ቀን ሰባውን ሰባት ብሎ ጻፈና የማናውቀው ሰው ኮምፒውተር በር ላይ ቆሞ የኛን የይለፍ ቃል ሲያስገባ ግማሽ ቀን ዋለ። በመጨረሻ ደውሎ «አባረራችሁኝ እንዴ?» አለኝ። ሳቅን። በኋላ እንደሰማሁት ግን በዚያው ቀን ከአንዱ ጣቢያ የመጣ የወባ መድኃኒት ጥያቄ መልስ ሳያገኝ አድሯል። ያ አላሳቀኝም። በማግስቱ ተነሥቼ ወደ አቅራቢው ቅርንጫፍ ሄድኩ።

የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ከወደ ሰሜን ተዛውረው የመጡ፣ በዚያ ፀሐይ ከረባት የሚያስሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ።

«ቋሚ አድራሻ ፈልገን ነበር» አልኳቸው።

ፋይላችንን አስወጥተው ገለጡት። «አድራሻችሁማ ተመዝግቧል። ቀበሌው፣ የቤት ቁጥሩ፣ ሁሉም ተሟልቷል።»

«የቤቱን ሳይሆን የኢንተርኔቱን ነው። አይፒ። እንዳይለዋወጥብን።»

«እሱ አገልግሎት እዚህ የለም።»

«አዲስ አበባ አለ እኮ!»

«አዲስ አበባ ባቡርም አለ፣ እህቴ።»

የማመልከቻውን ቅጽ አውጥተው ከላይ እስከ ታች በጣታቸው አሳዩኝ። አይፒ የሚል ቃል የለበትም። ለእሳቸው ቅጹ ላይ የሌለ ነገር ምድር ላይም የለም።

«ደግሞ ማንም ጠይቆን አያውቅም» አሉ።

«እኔ እየጠየቅሁ አይደል?»

«አንቺ አንድ ነሽ። አምስት ደንበኛ ፈርሞ ከመጣ ለበላይ አካል እጽፋለሁ።»

አምስት ያሉት እንደማላገኝ እርግጠኛ ሆነው ነው። ከደጃፋቸው ስወጣ «ከረባታም!» ብዬ ተሳደብኩ። በሆዴ ያልኩ መስሎኝ ነበር፤ ጥበቃው ሲስቅ ነው በአፌ እንደወጣ ያወቅሁት።

የኛን ቢሮ አንድ ብዬ ጀመርኩ። ኮሌጁ ለቤተ መጻሕፍቱ ብሎ ፈረመ፣ አንድ የግል ክሊኒክም ጨመርኩ። አራተኛው ባለ ሆቴል ነው።

«ኳስ ያሳያል?» አለኝ።

«ኳስ እንኳ አያሳይም።»

«ግን ይጠቅማል?»

«ይጠቅማል።»

ፈረመ። ምን እንደፈረመ እስከ ዛሬ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ እኔም ለማስረዳት አልታገልኩም። አምስተኛ ሰው ባጣ የወጥ ቤቱን ሠራተኛም አስፈርም ነበር።

አምስተኛው ግን ራሳቸው ፈላጊ ነበሩ። ነገሌ ላይ ትልቅ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ የወሩን ግማሽ ለንግድ ሞያሌ የሚከርሙ ሐጂ ናቸው። ሱቁን ከሞያሌ ሆነው ለማየት ካሜራ አስገጥመው ነበር።

«አካም፣ ኢንተላ ኮ! ናጋ?» ብለው፣ እንደምን ነሽ ልጄ፣ ሰላም ነው? እንደማለት፣ በኦሮምኛ ተቀበሉኝና ገና ሁለት ቃል እንደተናገርኩ አቋረጡኝ። «ካሜራ የገጠመልኝ ልጅ ነግሮኛል። ሱቅህ በየቀኑ ቁጥሩን ስለሚቀይር ነው የማታየው አለኝ። ሱቁን የሠራሁት እኔ! ቁጥሩን የሚቀይረው ማነው?»

ፈረሙ። ከዚያ በትራቸውን አነሡና «ነይ እንሂድ» አሉኝ።

ሥራ አስኪያጁ ፊርማዎቹን ቆጠሩ። እንደገና ቆጠሩ።

«እንግዲህ ይጻፋል» አሉ።

«መቼ?» አሉ ሐጂ።

«ሲመች ነዋ፣ ሐጂ።»

ሐጂ ቢሮው ውስጥ ያለችውን አንዷን የእንግዳ ወንበር ሳብ አድርገው ተቀመጡ። «ጥሩ። እስኪመችህ እጠብቃለሁ፣ ልጄ።»

የምር ነበር። ለሶላት ወጡና ተመልሰው መጡ፤ በማግስቱም ገና በሩ ሲከፈት ደረሱ። ወደዚያ ቢሮ የሚገባውን ሰው ሁሉ ያውቁታል፤ ያወቁትን ደግሞ በአጭሩ ሰላም ማለት አይሆንላቸውም። ልጆቹ ናጋ? ከብቱ ናጋ? ዝናቡስ እናንተ ጋ ጣለ? ሰውየው መልሶ ሳይጨርስ ሌላ ሰው ይገባል፣ እንደ አዲስ ይጀመራል። ሥራ አስኪያጁ ስልክ ማናገር አቃታቸው። በሦስተኛው ቀን ብቅ ስል ሐጂ የገዟትን ግመል ፎቶ በሞባይላቸው እያሳዩአቸው ነበር፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ። ደብዳቤው በዚያው ዕለት ተጻፈ። ሐጂ ጮክ ተብሎ ይነበብልኝ አሉ። ተነበበ።

«‹በአስቸኳይ› የሚለው የት አለ?»

ተጨመረ።

ከሳምንታት በኋላ ከአዲስ አበባ አንድ ቴክኒሻን ተላከ፤ እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። የሥራ አስኪያጁ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠ፣ ሁለት ሦስት ቦታ ነካካ፣ «ይሄማ ድሮም ነበር እኮ፣ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው» አለ። ወንበሩ ሳይሞቅ ጨርሶ ለምሳ ወጣ። እኔም ላፌዝ አፌን እያሟሸሁ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን በሩን ዘጉትና ድምፃቸውን ይብስ ዝቅ አደረጉ።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንዳትስቂ። ይሄ ያጸደቅነው ነገር ምንድን ነው?»

አልሳቅሁም። እንደነገሩኝ፣ ሥራ የጀመሩት ስልክ በኦፕሬተር በሚገናኝበት ዘመን ነው። ኢንተርኔት ሲመጣ የሦስት ቀን ሥልጠና ሰጧቸው፤ አሠልጣኙ በእንግሊዝኛ ይጣደፍ ነበር፤ ሁሉም ራሱን ሲነቀንቅ እሳቸውም ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ መጠየቅ አፈሩ። እኔ ደግሞ ለሳምንታት ከረባት ማስተካከላቸውን ለቢሮ ሰው እያስመሰልኩ ሳስቅ ከርሜያለሁ።

በባዶ ቅጽ ጀርባ ላይ ሣልኩላቸው። «ባጃጅ ከፈለጉ የትም መንገድ ላይ ያገኛሉ፤ የትኛዋም ብትሆን ግድ የለዎትም። የሐጂን ሱቅ ከፈለጉ ግን ሱቁ ትናንት ከነበረበት መነሣት የለበትም። የኛም ኮምፒውተር እንደዚያው ነው፤ ዶሎ ያለው ሰው ፈልጎ የሚመጣው እሱኑ ነው።»

ሥዕሉን ትክ ብለው አዩት። «ታዲያ መጀመሪያውኑ እንዲህ አትይኝም?»

እውነት ነው፤ ስጠይቅ እንጂ ሳስረዳ አልነበረም። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ምኑን እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም።

የኛ ቁጥር ከዚያ ወዲያ ረጋ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቁጥሩ ያው ነው። የዶሎ ጥያቄዎች በመጡበት ቀን መልስ ያገኙ ጀመር፤ አለቃዬም ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚያስጮኸኝ መጠየቁን ተወ።

ሥራ አስኪያጁ ግን አንዴ ከገባቸው በኋላ አላረፉም። ከተማው በሙሉ ይወቅ ብለው በገዛ እጃቸው በደማቅ ማርከር ጽፈው በሩ ላይ ለጠፉ፦ «የማይንቀሳቀስ አድራሻ መስጠት ጀምረናል። ፈላጊዎች መታወቂያ ይዛችሁ ቅረቡ።»

በኛ አገር የማይንቀሳቀስ ተብሎ የሚሰጥ ነገር አንድ ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት ደወሉልኝ። ስደርስ ሰልፉ እስከ ባጃጅ ማቆሚያው ደርሷል። ጉርድ ፎቶ የያዘ አለ፣ የድሮ የግብር ደረሰኝ በፌስታል ጠቅልለው የመጡ ሽማግሌ አሉ። ሥራ አስኪያጁ ከበሩ ኋላ ቆመው ከረባታቸውን አላልተውታል።

ደረጃው ላይ ወጥቼ በአማርኛም በኦሮምኛም አስረዳሁ። መሬት አይደለም፣ ቁጥር ነው፣ ለኮምፒውተር ነው።

«ላፋ የለም? መሬት?» አሉ ከፊት የነበሩ እናት።

«የለም፣ እናቴ።»

«ከከተማው ዳርም ቢሆን?»

«ዳርም የለም።»

ሰዉ እያጉረመረመ ተበተነ። ሽማግሌው ግን ፌስታላቸውን እንደያዙ ቀሩ።

«ይሄ ቁጥር፣ እኔ ብሞት ለልጄ ይተላለፋል?»

ሥራ አስኪያጁን አየኋቸው። ከበሩ ኋላ ወጡ፣ ከረባታቸውን አጠበቁ፣ «ይተላለፋል፣ አባቴ። ይግቡ» ብለው በሩን ያዙላቸው።