ማረሻ የማይደርስበት ጥግ

ሞጣ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ጥቅምት ላይ አንዲት ተማሪ የ«ፕላው» እና የ«ዲግ» ልዩነት ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ቀላል ነው አልኳት፤ ሁለቱም መሬት መገልበጥ ነው፤ የመጀመሪያው በበሬ ማረስ፣ ሁለተኛው በእጅ መቆፈር። ምሳሌ ስፈልግ አፌ ላይ የመጣው የቤቴ ነገር ነበር፦ «ወንድሜ ያርሳል፤ እኔ እቆፍራለሁ።» ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ዞሬ ሰሌዳ ጠረግሁ።

ክረምቱን ቢቸና ቤተሰብ ዘንድ ነበርኩ። እርፍ መያዝ ስለማይሆንልኝ ታላቅ ወንድሜ ዶማ ሰጠኝ። በሬ የሚዞርበት የማሳ ጥግ ማረሻ አይደርሰውምና በእጅ ይቆፈራል። አስተማሪ ሰነፍ ነው እንዳልባል እንደ ጉድ ቆፈርኩ። ከጎረቤታችን፣ ከአንዲት ባልቴት ማሳ የሚለየንን የድንበር ሣርም ገለበጥኩት። ድንበር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ድንበሯ ወደ እሳቸው ትንሽ ብትሄድ ምን አለበት አልኩ። ሴትዮዋ በዚያ ሲያልፉ «ተባረክ ልጄ፣ የተማረ ሰው መሬት ሲነካ ደስ ይላል» ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ። ከዚህ የባሰ ምን ውርደት አለ!

ያን ቀን ከክፍል እንደወጣሁ ለወንድሜ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ የዚያች ድንበር ነገር እንዴት ሆነ?»

«አለቀ። ድንበሩ ላይ ጤፉ ሲበቅል ሴትዮዋ አዩትና ሽማግሌ ሰበሰቡ። በሬው ስቶኝ ነው አልኳቸው፤ መሬታቸውን መለስኩ።»

በሬ እዚያ ጥግ እንደማይደርስ አገር ያውቃል። ወንድሜ እንደነገረኝ እሳቸውም አላመኑትም። «ሆን ብለህ ነው፤ ለእግዜር ሰጥቼሃለሁ» ብለውት ተነሱ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ቢገናኙ ሰላምታውን አይቀበሉም። የወንድሜ ሚስት ነፍሰ ጡር ናት፤ ያቺ ቃል እንቅልፍ ነስታታለች።

«ምነው፣ የቆፈረው ወንድሜ ነው አትላቸውም ነበር?» አልኩት።

«አንተ አስተማሪ ነህ» አለኝ። «ሰው ልጁን የሚሰጥህ አምኖህ ነው። እኔን ቢጠሉኝ ማሳዬ አይጠላኝም።»

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሄጄ እውነቱን ለሴትዮዋ ልንገራቸው እንዳልል፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት ወንድሜ የዋሸልኝን ውሸት ላፈርስ ነው። ዝም ልበል ካልኩ ደግሞ የእኔን እርግማን ተሸክሞ ልጅ ሊወልድ ነው። እንደዚህ እያልኩ አመካኛለሁ እንጂ ነገሩ ፍርሃት ነው።

ቅዳሜ መናኸሪያ ሄድኩ። የቢቸና መኪና ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ረዳቱ ደጋግሞ ሲያየኝ ቆየና «ትሄዳለህ ወይስ?» አለኝ።

«ሰው እየጠበቅሁ ነው» አልኩት፤ የምጠብቀው ሰው አልነበረም።