ሁለተኛው ጥሪ

ዘንድሮ ሰኔ ሲገባ ጋሸናን ጉም ዋጣት። አንድ ጠዋት ተማሪዎቼን ለቅርጫት ኳስ ልምምድ አሰልፌ ስም ስጠራ አንዱም አቤት አላለኝም። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ቀጥሎ ሳቄ መጣ። እኔም በእነሱ ዕድሜ አልመልስም ነበር። ላስታ ያደገ ሰው ጠሪው ካልታየው በመጀመሪያው ጥሪ አቤት አይልም። ሰው ከሆነ ይደግማል፣ ሌላ ነገር ከሆነ ግን አንዴ ጠርቶ ያልፋል ይባላል።

ይህን አሳምረው የሚያውቁት አሰልጣኛችን ጋሽ ውብሸት ነበሩ። ላሊበላ ጫፍ፣ ገደል አፋፍ ላይ በነበረችው ትንሽ ኮሌጃችን ዕድሜያቸውን ሙሉ አሰልጥነዋል። ተማሪው ይመረቃል፣ ዲኑ ይቀየራል፣ እሳቸው እዚያው አቧራ ሜዳ ላይ ናቸው። «ጋሽ ውብሸት የሚመረቁት መቼ ነው?» እያልን እንቀልድ ነበር። ኪሳቸው የገብስ ቆሎ አያጣም። ጥሩ ላቀበለ እፍኝ ይዘግናሉ፤ ላገባ ግን አይሰጡም።

ጉም ባለ ቀን የሁላችንንም ስም ሁለት ሁለት ጊዜ ይጠራሉ። መጨረሻ ላይ «ሞላ» ይላሉ፤ እሱን አንዴ ብቻ። ጥቂት ይጠብቁና ፊሽካቸውን ይነፋሉ። ሞላ ከእኛ በፊት የነበረ ተጫዋቻቸው ነው። ባድመ ዘምቶ አልተመለሰም፣ መርዶውም አልመጣም። ብልባላ ያሉት እናቱ እትዬ ጥሩ፣ መርዶ ያልመጣለት አይለቀስለትም ብለው እንባቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። እኔ ያ ስም በተጠራ ቁጥር ማጅራቴን ይበርደኝ ነበር።

ሌሎቹም ፈሩና ወሬው ዲኑ ጆሮ ደረሰ። «ከሰኞ ጀምሮ የሌለ ሰው አይጠራም፤ አለበለዚያ ቡድኑን ይልቀቁ» አሏቸው። እሳቸው ወደ ሜዳቸው ተመለሱ።

ሰኞ ሳይደርስ፣ ዓርብ ጠዋት ጉሙ እንደ እርጥብ ጋቢ ፊታችን ላይ ተለጥፏል። ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን ቆመናል። የሁላችንም ስም ተጠርቶ አለቀ።

«ሞላ» አሉ።

ፊሽካውን ስንጠብቅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደገሙት።

«ሞላ»

«አቤት»

በጉሙ ውስጥ ድምፁ ከፊታችን፣ ከገደሉ በኩል የመጣ መሰለኝ። የሚያስፈራ ድምፅ አልነበረም፤ ስሙ እንደተጠራ ማንኛውም ተማሪ ነው የመለሰው። ጋሽ ውብሸት ፊሽካቸውን ከአንገታቸው አወለቁ።

«ለካ የላስታ ልጅ ነው» አሉ ለራሳቸው። «ይኸን ሁሉ ዘመን አንዴ እየጠራሁ እተወዋለሁ።»

ልምምዱ ቀረ። ይዘውን በእግር ብልባላ ሄዱ። ጉሙ ተገፎ ማሳው በበሬ ታርሶ ይታያል። እትዬ ጥሩ ደጃፋቸው ላይ የዘር ባቄላ ይለቅማሉ። ጋሽ ውብሸት የሆነውን ነገሯቸው።

«ስንተኛው ላይ መለሰ?» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«ሁለተኛው ላይ፣ እትዬ።»

«እኔ ነኝ ያስተማርኩት» አሉ።

ባቄላውን ከጭናቸው አራግፈው ተነሱ፤ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ያን ሁሉ ዘመን የያዙት ጩኸት ሲወጣ ጎረቤቱ እየሮጠ መጣ። መርዶውን ማን አመጣው ብሎ የጠየቀ ሰው ትዝ አይለኝም። እኔም አይቼው ለማላውቀው ሰው እንደ ወንድሜ አለቀስኩ።

ጋሽ ውብሸት ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት አሰልጥነዋል፤ ሞላን ግን ዳግመኛ አልጠሩም። ባለፈው ጥር አረፉ። ለቀብራቸው የተሰበሰብን የድሮ ተጫዋቾች ያን ጠዋት አንስተን አንዳችን አንዳችንን ጠየቅን። ሁሉም ሌላው የመለሰ መስሎት ኖሯል፤ እኔ ነኝ ያለ አልተገኘም።

ታዲያ ዘንድሮ በዚያ የሰኔ ጠዋት፣ ጋሸና ላይ፣ የተማሪዎቼን ስም ደግሜ ጠርቼ ስጨርስ፣ አፌ ሳላስበው «ጋሽ ውብሸት» አለ።

ልጆቹ ያዩኛል። ሁለተኛው ጥሪ ከአፌ ሳያመልጥ ፊሽካዬን ነፋሁ።