እናቴ እንቅልፍ የወሰዳት ከሰዓት

ፒያኖን ያወቅሁት እናቴ በምትሠራበት ቤት ነው። እናቴ ከወሎ ወጥታ ካርቱም ከገባች ጀምሮ ቡሪ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ሐኪም ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት ሱዳናዊት ሴት ቤት ትሠራ ነበር። ሐጃ እንላቸዋለን። በወጣትነታቸው ውጭ አገር ሙዚቃ ተምረዋል። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ሳሎን ያለውን ፒያኖ ልወለውል ብዬ ቁልፎቹን ስነካካ ደረሱብኝ። ሳይቆጡ አጠገቤ ተቀመጡና ጣቶቼን አስተካከሉ። ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት አስተማሩኝ።

ሥራ ስጀምር ሥራው ራሱ ፒያኖ መጫወት ይመስለኝ ነበር። አብዛኛው መንገድ ሆኖ አገኘሁት። ጠዋት ከምንኖርበት ከካላክላ ሐፍላ የምንለውን ሚኒባስ ተጋፍቼ እሳፈርና ድልድዩን ተሻግሬ ኦምዱርማን ሁለት እህትማማቾች አስተምራለሁ። መብራት ስለሚጠፋ በባትሪ በሚሠራ ኪቦርድ ነበር የሚማሩት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ መሀል ከተማ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ውስጥ እጫወታለሁ። የሆቴሉ ኃላፊ በየቀኑ የሚለኝ አንድ ነገር ነበር፤ እንግዶቹ እንዲነጋገሩ ድምፁን ቀንሺ። ከሦስት ወር በኋላ ማንም እንደማይሰማኝ ስላወቅሁ አንዳንዴ እጄ እየተጫወተ ዓይኔ ይከደናል።

የራሴን ሙዚቃ የጻፍኩት በዚያው ሰሞን ነው፤ አብዛኛውን ሐፍላ ውስጥ፣ ደብተር ጉልበቴ ላይ አድርጌ። መነሻው እናቴ ልብስ ስትተኩስ የምታንጎራጉረው መንዙማ ነበር። ስትተኩስ ብቻ ነው የምትለው፤ በይ ብዬ ስጠይቃት አታውቀውም።

ሐጃ ሳይነግሩኝ ለአንድ ትንሽ የባህል ማዕከል ደውለው ኖሮ፣ ለወጣት ሙዚቀኞች ከተዘጋጀው ዝግጅት ላይ ሃያ ደቂቃ ተሰጠኝ። ሁለት ቀን ሲቀረው ፒያኖውን ልሞክር ሄድኩ። ሙቀትና አቧራ ጎድቶታል፤ መሀል ላይ ያለችው የፋ ቁልፍ ጭራሽ ድምፅ አትሰጥም። ፒያኖ የሚቃኙ አንድ ሽማግሌ ከኦምዱርማን መጥተው ከፈቱት በኋላ፣ ክሯን የምትመታው መዶሻ እንደተሰበረችና መለዋወጫዋም እዚህ እንደማይገኝ ነገሩኝ።

«ያለ እሷ ተጫወቺ» አሉኝና ዕቃቸውን ሰበሰቡ።

የእኔ ዜማ የሚያርፈው ደግሞ እሷው ላይ ነበር። የሚሄደው በአምስት ድምፅ ብቻ ስለሆነ መነሻ ድምፁን ለውጬ ፋን ወደማይነካበት ቦታ ወሰድኩት። በወረቀት ላይ ቀላል ነበር። ጣቶቼ ግን የለመዱትን ሁሉ እንደገና መማር ነበረባቸውና ሁለቱ ቀን በዚያ አለቀ። ቀኑ ሲደርስ ፍርሃት እንኳ አልተሰማኝም። ደክሞኝ ነበር።

እናቴና ሐጃ ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል። እናቴ ጠዋቱን የቤቱን ምንጣፍ ሁሉ ስታጥብ ውላ ነው የመጣችው። የሌሎች ሰዎችን ሁለት ሥራዎች ተጫውቼ የራሴን ልጀምር ስል አየኋት። ራሷ ሐጃ ትከሻ ላይ ወድቋል። ሐጃ እንዳትነቃባቸው ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ በዓይናቸው ቀጥዪ አሉኝ። ተጫወትኩ። እናቴ በጭብጨባው ነቅታ ከሰው ጋር አጨበጨበች።

ስንመለስ ሐፍላው ውስጥ በጣም ጥሩ ነበር አለችኝ።

«ተኝተሽ ነበር እኮ» አልኳት።

«ወንበር ላይ አርፌ በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ ሲወስደኝ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው። አትቀየሚኝ ልጄ።»

እስከ ካላክላ በመስኮት እያየሁ ሄድኩ።

ሐጃ ግን ነገሩን አልተዉትም። በሦስተኛው ቀን አስጠሩኝና ሳሎኑ ውስጥ፣ እናቴ ስታጸዳው እንጂ ስትቀመጥበት አይቼ የማላውቀው ወንበር ላይ አስቀመጧት። ወንበሩ ጫፍ ላይ፣ የወጥ ቤት ፎጣዋን እንደያዘች ተቀመጠች። «ያላ፣ ያ ቢንቲ» አሉኝ፤ በይ ልጄ ማለታቸው ነው። መጀመሪያ እንደጻፍኩት፣ ፋዋንም ሳልዘል ተጫወትኩላት።

ስጨርስ እናቴ ፎጣውን እያጣጠፈች አቀርቅራ ነበር።

«እዚህ መሀል ላይ ትቸኩያለሽ» አለችኝ። «መንዙማ የሚል ሰው እዚያ ጋ ትንፋሽ ይወስዳል።»

ሐጃ በዐረብኛ ተርጉሜ ስነግራቸው ሳቁ። «አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስነግራት የኖርኩት ይህንኑ ነው» አሉ። እናቴ ሥራ አለብኝ ብላ ተነሳች፤ ነገር ግን ወጥ ቤት አልገባችም፤ በሩ ላይ ቆማ ደግሜ ስጫወተው ሰማች። እዚያ ቦታ ላይ ዕረፍት ጨመርኩ። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው።

የባህል ማዕከሉ በየወሩ አንድ ከሰዓት ሰጠኝና ሆቴሉን ተውኩ፤ ማስተማሩና መንገዱ ግን ቀጠሉ። ጦርነቱ ካርቱም ሲገባ እኔና እናቴ በገዳሪፍ በኩል አገራችን ገባን፤ ሐጃ ወደ ሰሜን፣ ዘመዶቻቸው ጋ ሄዱ። ኔትወርክ ሲገኝ ይደውላሉ። ምን እየጻፍሽ ነው ይሉኛል። ደክሞኛል እላቸዋለሁ። እሳቸውም እንደደከማቸው ይነግሩኛል። ከዚያ ስለ ሥራው እናወራለን።