የእኛ መስመር

ከአቃቂ ተገንጥሎ በቡልቡላ ማሳ መሃል የሚያልፈውን ሐዲድ አባቴ ይጠብቀው ነበር። እኛ ቤት ግን ሐዲድ ብሎ የሚጠራው የለም፤ መስመር ነው የምንለው። የሁለት ባለሀብቶች የጋራ ንብረት ነበር፤ የድንጋይ ካባው ባለቤትና የዱቄት ፋብሪካው ባለቤት። ለየብቻ ስላቃታቸው ተጋርተው ዘረጉት፣ ሲጣሉበትም ኖሩ። ጠዋት ድንጋይ ያልፍበታል፣ ከሰዓት እህል። ፉርጎ አቅጣጫ የሚቀይርበት የሐዲዱ መቀየሪያ ላይ ሁለት ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል፤ አንዱ ሌላውን ስለማያምን ሁለቱም ካልተከፈቱ ፉርጎ አይንቀሳቀስም። የሁለቱም ቁልፍ ግን አባቴ ኪስ ውስጥ ነው። እርስ በርስ የማይተማመኑ ሰዎች እሱን ያምኑ ነበር። የምንኖርባት ቤትም ለጠባቂው ተብላ መስመሩ ዳር የተሠራች ናት።

ደርግ መጣና ካባውንም ፋብሪካውንም ወረሰ። ጭነቱ ወደ ከባድ መኪና ዞረ፤ ባቡሩ በዚያው ቀረ። አባቴን «ተው» ያለው ሰው ግን አልነበረም። ስለዚህ በየማለዳው ሣር ይነቅላል፣ መቀየሪያውን ከፍቶ ግራሶ ይቀባል፣ መልሶ ይቆልፋል፣ ወደ ቦሌ ወተት የሚያወርዱ ሴቶች ሲመጡ ባንዲራውን ይዞ ግራ ቀኝ አይቶ ያሳልፋቸዋል። ምንም እንደማይመጣ እነሱም እሱም ያውቃሉ። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበር፤ በአባቴ የሣቀ ሰው ከእኔ አፍ አያመልጥም።

የቀበሌው ሊቀመንበር ቤታችን ላይ ዓይኑን ጣለ። ለቀበሌ ሱቅ ፈለጋት። አንድ እሑድ ስብሰባ ላይ ተነሣና፣ «ጓዶች፣ ያ ሐዲድ ሞቷል። ለሞተ ሐዲድ ጠባቂም ቤትም አያስፈልግም» አለ። አባቴ አንገቱን ደፋ። እኔ ብድግ አልኩ።

«የእኛ መስመር አልሞተም!»

ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። በዚያ ዘመን መስመር ማለት የፖለቲካ ነው። ትክክለኛ መስመር አለ፣ የተሳሳተ መስመር አለ፤ በተሳሳተው የተገኘ ሰው ቤቱ አያድርም።

«የእናንተ መስመር?» አለ ሊቀመንበሩ ቀስ ብሎ። «ከአብዮቱ ሌላ መስመር አላችሁ?»

«ባቡር የሚሄድበትን ነው» አልኩት።

ሁለት ሦስት ሰው ሣቀ፤ ሣቁ አናደደው። በሚቀጥለው እሑድ ሕዝብ ፊት ቆሜ ግለ ሂስ እንዳደርግ፣ የቤቱም ጉዳይ በዚያው እንዲያልቅ ወሰነ።

ሳምንቱን ሙሉ አባቴ እህል አልበላ አለው። «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» አለኝ። «ሞቷል በይና እንውጣ። ቤት ይተካል፣ አንቺ አትተኪም።» እኔም ፈርቼ ነበር። ግን ንዴቴ ከፍርሃቴ ይበልጥ ነበር። አባቴ በየማለዳው ግራሶ የሚቀባውን ነገር በገዛ አፌ ልቅበረው? ለማን ብዬ!

እሑድ ደረሰ። ተነሣሁና፣ «ባለፈው ስለ መስመራችን የተናገርኩትን ላርም» አልኩ። «መስመራችን ቆሟል።»

ሊቀመንበሩ ደስ አለው። «ቆሟል! በራሷ አንደበት፣ ሰምታችኋል አይደል?»

በሚገባ ሰምተዋል። ከኋላ አንዱን ሳል ያዘው፣ አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። የቆመ ነገር ሥራ ያቆመ ብቻ አይደለም፤ ያልወደቀም ነው።

መስመሩ ማሳቸውን ለሁለት የሚከፍልባቸው አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። አባቴ ለከብቶቻቸው ሁሉ ባንዲራ ሲያውለበልብ የኖረ ነው። «ሞቷል አላለችም፤ ቆሟል ነው ያለችው» አሉ በኦሮምኛ ቅላጼያቸው። «አንተም ተቀብለሃል፣ ልጄ። ታዲያ የቆመ ነገር ጠባቂ አይፈልግም እንዴ? በሬ እንኳ ሲቆም እረኛ አለው።»

አንድ ሰው አጨበጨበ። የቀበሌ ጭብጨባ አንዴ ከተጀመረ ማን ደፍሮ እጁን ይሰበስባል? አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ፤ ሊቀመንበሩም ግራ ቀኝ አየና አጨበጨበ። ቤታችን ለእኛው ቀረች።

ስንመለስ አባቴ መንገድ ላይ፣ «ቆሟል ያልሽው የትኛውን ነው?» አለኝ።

«እርስዎ የሰሙትን ነው፣ አባባ።»

ቤት ስንደርስ የክት ልብሱን እንኳ አላወለቀም። የግራሶውን ቆርቆሮ አንሥቶ ወደ መቀየሪያው ሄደ። ቁልፎቹን ከኪሱ አወጣና ሁለቱንም ጓጉንቸር ከፈታቸው። ያን ቀን ግን፣ ፉርጎ ሊያልፍ እንደሚችል ሁሉ፣ ሳይቆልፋቸው ገባ።