የፀዳለ ቅዳሜ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ በየጾሙ ኃጢአቴን ስዘረዝር መሳደቤን፣ ጾም መግደፌን፣ አንድ ተሳፋሪ ታክሲዬ ውስጥ የረሳውን ጃንጥላ ማስቀረቴን ሁሉ ተናዝዣለሁ። ይህችን ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ ስለዚህ ለእናንተ አልዘላትም። አንዲት ሴት አንድ ወንድሟን እንዳትቀብር አድርጌአለሁ።

ሃያ ስድስት ዓመት ሜልቦርን ውስጥ ታክሲ ነድቻለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ «ቶሎ በል» ስባል ኖሬ ጡረታ ስወጣ የተመኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ውሃ ዳር ባለች ከተማ፣ ብቻዬን፣ ማንም ሳያጣድፈኝ በእግሬ ማዝገም። በዐሥራ ሁለት ቀን ዐሥር አገር የሚያዞሩትን ጉዞ አልፈለግሁም። አንድ ከተማ፣ ዘጠኝ ቀን። ሆላንድ ያለችውን ዩትሬክትን የመረጠልኝ ጓደኛዬ አስናቀ ነው። የውሃ ቦዮቿ እንደ አምስተርዳም ሰው አይበዛባቸውም፣ ደግሞም እህቴ ፀዳለ እዚያ ናት፣ እሷ ታሳይሃለች አለኝ። ሆቴሉን ፉትስክሬይ፣ የእኛ ሰው የሚበዛበት የሜልቦርን ሰፈር፣ ቁጭ ብለን አብረን ነው ቡክ ያደረግነው።

ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ አስናቀ ልቡ ቆሞ በተኛበት ቀረ። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። በዓለም ላይ የነበረችው ፀዳለ ብቻ ናት። በማግስቱ የእድራችን ሰዎች አስኮት ቬል ሰፈር፣ ሊቀመንበሩ ጋሼ ፍቃዱ ቤት ተሰበሰብን። የእኛ ሰው መርዶ በስልክ አይነግርም። ሰው ብቻውን ቆሞ የወንድሙን ሞት አይሰማም። በማለዳ፣ ሦስት አራት ሆኖ ተሄዶ፣ በር ተንኳኩቶ፣ ተደግፎ ነው የሚነገረው። ጋሼ ፍቃዱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ፍላይትህ ነገ ነው አይደል፣ ደምሴ? እግዜር ነው ያዘጋጀህ። ይኸው የዚያ አገር ቄስ ስልክ። እሳቸውንና አንድ ሰው ይዘህ ግባ። ቀብሩን እስከ ሌላው ሳምንት ቅዳሜ እናቆየዋለን፤ ደርሳ አፈር ታልብሰው።»

«እሺ ጋሼ፣ አይስጉ» አልኩ።

ቄሱ ጋ አልደወልኩም። ባቡር ጣቢያ ስወርድ ፀዳለ ራሷ ቆማ ጠበቀችኝ፤ የምደርስበትን ሰዓት ወንድሟ አስቀድሞ ነግሯት ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ የሆቴል አንሶላ አጥባ አዳሪ፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። አቅፋ ሳመችኝና «አስናቀ ስልክ አያነሳም፤ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። የማታ ሺፍት ጀምሯል፣ ቀን ቀን ይተኛል አልኳት። አስቤው አይደለም፤ አፌ ቀድሞኝ ነው። ግን አፉስ የማን ነው? የእኔ አይደለም?

ነገ ጠዋት እነግራታለሁ አልኩ። በማግስቱ ግን ከሥራ ፈቃድ ወስዳ መጣች። ጉልበቷ ስለማያስኬዳት የምትራመደው ልክ እኔ የተመኘሁትን እርምጃ ነበር። ዩትሬክት ውስጥ ውሃው ከመንገዱ በታች ነው የሚሄደው፤ በደረጃ ትወርዱና ድሮ የዕቃ ማከማቻ የነበሩ ጓዳዎች ደጃፍ ላይ፣ ከውሃው እኩል ትቀመጣላችሁ። እዚያ ቁጭ እንላለን። ዳክዬዎቹን በአለቆቿ ስም እየጠራች ትቆጣቸዋለች። ሳቅሁ። ሚስቴ ትታኝ ከሄደች ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ሰኞም ነገ ጠዋት አልኩ። ማክሰኞም።

አዘንኩላት፣ ጨክኜ ልነግራት አቃተኝ ልላችሁ እችል ነበር። ውሸት ነው። ያዘንኩት ለራሴ ነው። ስንት ዓመት የጠበቅኋት ጉዞ ለቅሶ ቤት እንዳትሆንብኝ ነው። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ። ሰው ገጭቶ ያመለጠ ሹፌር እንኳ ፈራሁ ይላል። እኔ ምን ልበል? ሽርሽር ላይ ነበርኩ ልበል?

ረቡዕ ዕለት ጋሼ ፍቃዱ ደወሉ። ፀዳለ አይስክሬም ልትገዛልን ደረጃውን እየወጣች ነበር፤ ጀርባዋ ይታየኛል።

«ነገርካት?»

«ነግሬያታለሁ ጋሼ።»

«መቼ ትገባለች?»

«አትችልም። ሐኪሟ አትብረሪ ብሏታል። እኔን አትጠብቁ፣ ቅበሩት ብላለች።»

ጋሼ አለቀሱ። ከባድ ነገር ተሸክመህልናል፣ እግዜር ይስጥህ አሉኝ። ምርቃቱን ተቀበልኩ። አይስክሬሙንም ተቀበልኩ።

ቅዳሜ አስናቀ ተቀበረ። ሜልቦርን ሲረፍድ ዩትሬክት ገና አልነጋም፤ እኔም ተኝቼ ነበር፣ እሷም ተኝታ ነበር። ከምሳ በኋላ ጀልባ ተሳፈርን። ስንወርድ ከቦርሳዋ ግራጫ ሹራብ አወጣች። የሜልቦርን ክረምት ይበርደዋል ብላ ለወንድሟ በእጇ የሠራችው ነው። «በቁመት እኩያ ናችሁ፤ እስቲ ልበሰውና ልየው ጋሼ ደምሴ» አለችኝ። ለበስኩት። ትከሻውን አስተካከለች፣ እጅጌውን ጎተት አደረገችና «ልክ ይሆነዋል» አለች። ያን ጊዜ እንኳ አልነገርኳትም። አጣጥፋ ሰጠችኝ፤ ይዤው መጣሁ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። በተመለስኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ ፀዳለ ስለ ወንድሟ በጠየቀችኝ ቁጥር ያንኑ የሺፍት ሰበብ እየሰጠኋት ሳለ፣ ከእድራችን እናቶች አንዷ እትዬ በለጡ ሊያጽናኗት ደወሉ። እግዜር ያጥናሽ ልጄ፣ ቀብሩ ላይ ሰው ሞልቶ ነበር፣ በደንብ ነው የሸኘነው አሏት። ፀዳለ የወንድሟን መርዶ እንዲህ ሰማች፤ በስልክ፣ ሥራ ቦታ፣ አንሶላ እያጠፈች፣ የሚደግፋት አንድ ሰው ሳይኖር። እንዳይሆን ብለው የላኩኝ ነገር ሁሉ በእኔ እጅ ሆነ።

በማግስቱ ደወለችልኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። ብትሰድበኝ ምንኛ በቀለለኝ።

«ቅዳሜ እሱ ሲቀበር፣ እኛ ምን እያደረግን ነበር?» አለችኝ።

«ተኝተን ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ጀልባ ተሳፈርን።»

«ስቄ ነበር?»

«አዎ።»

ስልኩን ዘጋችው።

እትዬ በለጡ በስልክ የሰሙት ጩኸት አላስተኛቸው ብሎ ለጋሼ ፍቃዱ ነገሯቸው። ጋሼም ደውለው፣ ደምሴ አልነገረሽም ኖሯል እንዴ ብለው ጠየቋት። ነግሮኛል አለቻቸው፤ እንደገና ስሰማው አዲስ ሆኖብኝ ነው እንጂ። ለምን እንዲህ እንዳለች ለእኔ በጽሑፍ ላከችልኝ። «ወንድሜ ደህና ሰው እየመጣልሽ ነው ብሎኝ ነበር። ከሞተ በኋላ ውሸታም አላደርገውም።» ከዚያ ወዲህ ስልኬን አንስታ አታውቅም።

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ። ፉትስክሬይ ስገባ ሰው ከወንበሩ ይነሳልኛል። ከእድራችን ሰው ሲሞት መርዶ እንዲነግር የሚላከው እኔ ነኝ። ደምሴ ይችልበታል ይላሉ። ስድስት በር አንኳኩቻለሁ። ስድስቱንም በማለዳ ሄጄ፣ ደግፌ፣ አብሬ አልቅሻለሁ። በዚህ ይካካስልኛል ብዬ ነበር? ብዬ ነበር። አልተካካሰም። የሌላውን ሰው ለቅሶ ባለቅስ የፀዳለን ቅዳሜ አልመልሰውም።

ትናንት ጋሼ ፍቃዱ ለሰባተኛው በር ደወሉልኝ። አልሄድም አልኳቸው። ለምን እንደሆነ ይህን ወረቀት ሲያነቡ ያውቁታል፤ መጀመሪያ የምሰጠው ለእሳቸው ነው። ከእሳቸውም ከእናንተም ይቅርታ አልለምንም፤ የተበደላችሁት እናንተ አይደላችሁም። የተበደለችው ሴት ደግሞ በእኔ የተነሳ እስከ መዋሸት ደርሳለች፤ ከዚህ በላይ ምን ልጠይቃት? የምችለው ያንን ውሸት ከላይዋ ማንሳት ብቻ ነው።

ጋሼ፣ ፀዳለ ነግሮኛል ያለችዎት ለወንድሟ ብላ ነው። እኔ አልነገርኳትም።